ፍየሏን ይዛችሁ ተመለሱ

ባለፈው እሑድ ቡና እስኪፈላ፣ የ9 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ አንስታ ምንጣፉ ላይ ደረደረች። አንዱ ነብር፣ አንዱ ፍየል፣ አንዱ ቅጠል። ነጠላዬን አጥፋ መሐል ላይ ዘረጋችው፤ ወንዙ እሱ ነው። አንድ ሰው ሦስቱንም በጀልባ ማሻገር አለበት፤ ጀልባዋ ግን ከሰውዬው ሌላ አንድ ብቻ ትይዛለች። እሱ ከሌለ ነብሩ ፍየሏን ይበላል፣ ፍየሏም ቅጠሉን ትበላለች።

ፍየሏን አሻገረች። ተመልሳ ነብሩን አሻገረች። እዚያ ላይ ቆመች። ቅጠሉን ልታመጣ ከሄደች ነብሩ ፍየሏን ይበላታል። ግንባሯን አሸች፣ ሲኒዎቹን አነሳች፣ አስቀመጠች። «አይቻልም፣ አክስቴ» አለችኝ። ዝም አልኳት። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ዓይኗ በራ፦ «ፍየሏን ይዣት ብመለስስ?»

ብዙ ሰው የሚቀረው እዚችው እርምጃ ላይ ነው። ወንዝ የማሻገር እንቆቅልሾችን ያጠኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ሰዎች እንቆቅልሹ ያሻገሩትን መልሰው እንዲያመጡ ሲጠይቃቸው እንደሚቸገሩ አይተዋል። ወደ ኋላ መሄድ ሽንፈት ይመስለናላ! ያን ስሜት ገታ አድርጎ ግቡን የሚያስታውሰን፣ ቀጣዩንም እርምጃ እጃችን ሳይንቀሳቀስ በሐሳብ የሚሞክርልን፣ ከግንባራችን አጥንት ጀርባ ያለው የአንጎላችን ክፍል ነው። ድንቅ ሠራተኛ ነው፤ መዳፉ ግን ትንሽ ናት። በአንድ ጊዜ አጥብቆ የሚይዘው አራት ያህል ነገር ብቻ ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት፣ የእናት ሕመም፣ የሥራ ጣጣ አንድ ላይ ሲመጡበት ቢጨነቅ ምን ይገርማል? እናንተ ሰነፎች ስለሆናችሁ አይደለም፤ ሸክሙ ስለበዛበት ነው። ለልጅቷ ሲኒዎቹ ግማሹን ተሸከሙላት። ለእኛ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ።

እንቅልፍም አለ። ሽማግሌዎቻችን የከረረውን ነገር «ይደር» የሚሉት በከንቱ አልነበረም። በ2004 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሉቤክ ውስጥ ተመራማሪዎች አቋራጭ መንገድ የተደበቀበት የቁጥር ጥያቄ ለሰዎች ሰጡ። ከሞከሩት በኋላ ተኝተው ከተመለሱት መካከል አቋራጩን ያገኙት ሰዎች፣ ነቅተው ከቆዩት መካከል ካገኙት ከእጥፍ በላይ ነበሩ። እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ አስቀድመው ታግለውበት ነበር። ጥያቄውን ሳይነኩ የተኙትን እንቅልፉ ያን ያህል አልጠቀማቸውም። አእምሯችን ሌሊት የሚያበስለው ቀን ያቦካነውን ነው።

ዛሬ ማታ የከበዳችሁን አንድ ጉዳይ በወረቀት አስፍሩት። ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ምን ከምን ጋር እንደማይቀመጥ ጻፉ። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ወደ ኋላ መመለስ ስለሚመስለኝ ብቻ ያልሞከርኩት የቱ ነው? ምናልባት የወደቃችሁበትን ትምህርት እንደገና መጀመር ይሆናል፤ ምናልባት ከተጣላችሁት ወንድም ደጅ መቆም። ጻፉትና ተኙ። ጠዋት ስልካችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀቱን ክፈቱ።