የኔትወርክ ማከማቻ እድሳት ሲሰናከል ነጋዴው ሊከተለው የሚገባ ሥርዓት

ነጋዴ ከገንዘቡ ቀጥሎ አጥብቆ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር መዝገቡ ነው። የተቃጠለ ወይም የተሰረቀ ዕቃ በሌላ ዕቃ ይተካል፤ የዱቤ ደንበኞች ዝርዝር፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የባንክ ኤል ሲ ቅጂና የዓመታት ደረሰኝ የተመዘገበበት ሰነድ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ ተመልሶ የሚገዛበት ገበያ የለም። በቀድሞው ጊዜ ይህ ሁሉ በካዝና ይቆለፍ ነበር። ዛሬ በብዙ ሱቆች፣ እንዲሁም ሥራቸውን በመኖሪያ ቤታቸው በሚያካሂዱ ነጋዴዎች ዘንድ፣ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ሣጥን የካዝናውን ቦታ ይዛለች። ሣጥኒቱ አንድ ማለዳ ዝም ብትል ምን ማድረግ እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ንብረትን የመጠበቅ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ በዚህ ክፍል ነገሩን በዝርዝር እንመለከተዋለን።

መሣሪያውና እድሳቱ

በሻጮች ዘንድ «ናስ» እየተባለ የሚጠራው የኔትወርክ ማከማቻ ከራውተር ጋር በኬብል ተገናኝቶ በቤቱ ያሉት ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ሁሉ ፋይላቸውን የሚያኖሩበት መሣሪያ ነው። በውስጡ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስኮች ይገኛሉ። ሁለት ዲስክ ያለው መሣሪያ ዘወትር የሚሰናዳው በአንዱ ላይ የተጻፈው በሌላውም ላይ እንዲጻፍ ተደርጎ ስለ ሆነ፣ አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ይህን ሁሉ የሚያዘው ፈርምዌር የሚባለው የመሣሪያው የውስጥ ፕሮግራም ነው። ፋብሪካው በየጊዜው አዲስ እትም ያወጣል፤ ባለቤቱም አሮጌውን በአዲሱ ይተካል። አፕዴት ወይም እድሳት የሚባለው ይህ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «የሚሠራን ነገር ምን አስነካን?» በማለት እድሳቱን ከናካቴው ይተዉታል። ይህም ሌላ አደጋ ያመጣል። በሰኔ ወር 2013 ዓ.ም. ዌስተርን ዲጂታል የተባለው ኩባንያ ቀደም ሲል ይሸጣቸው የነበሩ «ማይ ቡክ ላይቭ» የተባሉ ማከማቻዎች በልዩ ልዩ አገር በኢንተርኔት በኩል በመጡ ሰርጎ ገቦች ትእዛዝ ተደምስሰው፣ ባለቤቶቻቸው ባዶ ዲስክ ታቅፈው ቀርተዋል። እነዚያ መሣሪያዎች እድሳት ማግኘት ካቆሙ ዓመታት አልፈው ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ደግሞ ኪውናፕ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ከሠራቸው ማከማቻዎች ብዙዎቹ ተጠቅተው፣ ፋይሎቻቸው በምስጢር ቃል ከተቆለፉ በኋላ ባለቤቶቹ ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቀዋል። እንግዲህ ማደስ ግድ ነው፤ የሚያስፈልገው በሥርዓት ማደስና ሲሰናከልም በሥርዓት ማንሣት ነው።

የተበላሸውና ያልተበላሸው

ለምሳሌ ያህል በመርካቶ የሚነግድ አንድ የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ በቤቱ ባለ ሁለት ዲስክ የሲኖሎጂ ማከማቻ አለው ብለን እናስብ። ማታ የእድሳቱን ቁልፍ ጫነ፤ ሥራው ሳይፈጸም የመብራት ኀይል ተቋረጠ። መብራቱ ሲመለስ ሰማያዊው ምልክት ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ገጹም አይከፈትም። በማግሥቱ ለባንክ የሚቀርበው ሰነድ በውስጡ ነው። በዚህ ሰዓት ሰውየው ሊያስታውሰው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የተሰናከለው ፕሮግራሙ እንጂ መዝገቡ ላይሆን ይችላል የሚለው ነው።

በሲኖሎጂ መሣሪያ ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ለብቻው በተከለለ ቦታ ነው፤ የባለቤቱ ፋይሎች ደግሞ በሌላ ክልል ይቀመጣሉ። ነገሩ መጋዘንና የመጋዘኑን ጠባቂ ይመስላል፤ ጠባቂው ቢታመም ዕቃው ከነመቆለፊያው በቦታው አለ። ስለዚህ እድሳቱ ብቻውን ፋይሎችን የሚያጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ መዝገቡን የሚያጠፋው ከእድሳቱ በኋላ በጥድፊያ የሚደረገው ሥራ ነው፤ ያልተነበበ ጥያቄን «እሺ» ማለት፣ ዲስኮችን ማቀያየር፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ፎርማት ማድረግ የመሳሰለው። የሚከተለው ቅደም ተከተል የተሰናዳውም ይህን ጥድፊያ ለመከላከል ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ መታገሥ ነው። እድሳት አብዛኛውን ጊዜ በ10 ወይም በ20 ደቂቃ ያልቃል፤ ነገር ግን መሣሪያው ዲስኮቹን የሚመረምርበት ጊዜ ሲጨመር ሊረዝም ይችላል። ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይነኩት መቆየት ይገባል። በሥራ ላይ ያለውን መሣሪያ ከሶኬት መንቀል ቀላሉን እክል ከባድ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ የጠፋው መሣሪያው ነው ወይስ ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ብሎ መለየት ነው። ከእድሳት በኋላ ማከማቻው ከራውተሩ አዲስ አድራሻ ተቀብሎ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ በአሮጌው አድራሻ የሚፈልገው ሰው መሣሪያው የሞተ ይመስለዋል። ስለዚህ የኔትወርኩን ኬብል መርምሮ፣ «ሲኖሎጂ አሲስታንት» የተባለውን የኩባንያውን የመፈለጊያ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ መፈለግ ይገባል። እንዲሁም አዳዲሶቹ እትሞች ለደኅንነት ሲባል የቆየውን የፋይል መገናኛ ስልት ስለሚዘጉ፣ ኮምፒዩተሩ እየገባ አሮጌው ስካነር ብቻ ቢከለከል እድሳቱ ተሰናከለ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ መሣሪያው በፍለጋም ካልተገኘና ሰማያዊው ምልክት ከአንድ ሰዓት በኋላም ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ፣ ጥፋቱ ከሣጥኑ ይሁን ከዲስኮቹ መለየት ነው። የኀይል ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ መሣሪያው ይጠፋል፤ ከዚያም ዲስኮቹ ከመውጣታቸው በፊት በእያንዳንዳቸው ላይ «1» እና «2» ብሎ ቁጥር መለጠፍ ይገባል። ዲስኮቹ ወጥተው ባዶው ሣጥን ሲበራ፣ አንድ ጊዜ ድምፅ አሰምቶ ሁለተኛው ምልክት ብርቱካናማ ቢሆን ሣጥኑ ደኅና ነው፤ ችግሩ በዲስኮቹ ላይ ባለው ፕሮግራም ነው ማለት ነው። ባዶውም ሆኖ ሰማያዊው ምልክት ያለ ማቋረጥ ብልጭ ድርግም ቢል ግን የታመመው ሣጥኑ ራሱ ነው። ዲስኮቹን ሲመልሱ መሣሪያውን አጥፍቶ እያንዳንዱን በቀድሞ ቦታው ማግባት ግድ ነው። «እስቲ በአንዱ ብቻ ልሞክር» ማለት ሁለቱ ዲስኮች የተለያየ ነገር እንዲይዙ ስለሚያደርግ አይመከርም።

አራተኛ፣ መሣሪያው በፍለጋው ሲገኝ በስሙ አጠገብ የሚታየውን ቃል ማንበብ ነው። «ሪከቨረብል» ቢል ፕሮግራሙ ተጎድቷል፤ ሊጠገንም ይችላል። «ማይግሬተብል» ቢል ዲስኮቹ የሌላ መሣሪያ ወይም የሌላ እትም መስለው ታይተዋል። «ኮንፊገሬሽን ሎስት» ቢል ቅንብሩ ተበላሽቷል። በእነዚህ በሦስቱ ፋይሎችን ሳይነኩ ፕሮግራሙን መልሶ መጫን ይቻላል። «ኖት ኢንስቶልድ» ቢል ግን ወዲያው ማቆም ይገባል፤ መሣሪያው ዲስኮቹን እንደ አዲስ ቈጥሮአቸዋልና ተከላው ሁሉን ሊደመስስ ይችላል። በአጠቃላይ በማናቸውም ደረጃ «በዲስኮቹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል» የሚል ማስጠንቀቂያና የስምምነት ምልክት የሚደረግበት ሣጥን ከታየ፣ ያ ቦታ የነጋዴው ሥልጣን የሚያበቃበት ቦታ ነው፤ ገጹን ዘግቶ ባለሙያ መጥራት ይገባል።

አምስተኛ፣ የፈርምዌሩን ፋይል ከኩባንያው ድረ ገጽ ብቻ ማውረድ ነው። በመሣሪያው ጀርባ ወይም ሥር የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ፋይሉ ከተዘጋጀለት ሞዴል ጋር አንድም ፊደል ሳይለይ መስማማት አለበት። እትሙም ሊጫን ከነበረው ያላነሰ ይሁን፤ መሣሪያው ወደ አሮጌ እትም መመለስን ብዙ ጊዜ አይቀበልምና። ኩባንያው ከፋይሉ ጋር የሚያወጣውን የማመሳከሪያ ቁጥር ማነጻጸርም ፋይሉ በመውረድ ላይ ሳለ እንዳልተጎደለ ያረጋግጣል።

ስድስተኛ፣ መሣሪያው በፍለጋው ቢገኝም መግቢያ ካልሰጠ የሪሴት ቁልፍን መጠቀም ነው። በብዙዎቹ የሲኖሎጂ ሞዴሎች ቁልፉን በቀጭን ሽቦ 4 ሰኮንድ ያህል፣ አንድ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ መጫን የሚለውጠው የአስተዳዳሪውን የምስጢር ቃልና የኔትወርኩን ቅንብር ብቻ ነው። ድምፁ እንደ ተሰማ ለቆ፣ በ10 ሰኮንድ ውስጥ ዳግመኛ 4 ሰኮንድ ያህል ሦስት ድምፅ እስኪሰማ ድረስ መጫን ደግሞ ፋይሎቹ በቦታቸው ሆነው ፕሮግራሙ እንደገና እንዲጫን ያዘጋጃል። አሠራሩ በየኩባንያው ስለሚለያይ፣ በሌላ ፋብሪካ መሣሪያ ላይ ከመሞከር በፊት የመሣሪያውን መመሪያ ማየት ይገባል።

ሰባተኛ፣ የታመመው ሣጥኑ ራሱ ሆኖ ቢገኝ ዲስኮቹን አስቀርቶ ሣጥኑን ብቻ ለጥገና መላክ ነው። የፋብሪካው ዋስትና የሚተካው ዕቃውን ነው እንጂ በውስጡ ያለውን መዝገብ አይደለም። ዲስኮቹ በተመሳሳይ ወይም በሚስማማ የዚያው ኩባንያ ሣጥን ውስጥ በቀድሞ ቅደም ተከተላቸው ሲገቡ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹን ይመልሳሉ። ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይም ለንባብ ብቻ ከፍቶ መቅዳት ይቻላል፤ ይህ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ዲስኩን አውጥቶ በተለመደው ዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ መሰካት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ሊያመጣ ይችላል፤ ዊንዶውስ የዲስኩን አጻጻፍ ስለማያውቀው «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃልና። መልሱ ምን ጊዜም «አይሆንም» ነው። ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ ደግሞ መሣሪያውን ወዲያው አጥፍቶ ከዚያ በኋላ አለማብራት ይሻላል።

ከችግሩ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚጠቅመው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለተኛ ቅጂ ነው። ብዙ ነጋዴዎች «ሁለት ዲስክ አለኝ፤ ስለዚህ ቅጂ አለኝ» በማለት ይዘናጋሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሁለቱ ዲስኮች መንታ ናቸው፤ በአንዱ ላይ የተደመሰሰ ፋይል በዚያው ቅጽበት በሌላውም ላይ ይደመሰሳል፤ ሌባ ሣጥኑን ቢወስድ ሁለቱን አብሮ ይወስዳል። እውነተኛው ቅጂ የሚባለው በሌላ ዲስክ ላይ ተገልብጦ ከሣጥኑ ተለይቶ፣ ቢቻል በሌላ ቤት የተቀመጠው ነው። ከቅጂውም ላይ አንዳንድ ፋይል አልፎ አልፎ ከፍቶ ማየት ይገባል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳልተቈጠረ ገንዘብ ነው።

ከእድሳት በፊት የዲስኮቹን ጤንነት መመርመር፣ ቅንብሩን በፋይል ማስቀመጥ፣ አዲሱ እትም የሚለውጠውን ማንበብ ያስፈልጋል። ኀይል በሚቆራረጥበት አካባቢ መሣሪያውን ከዩ ፒ ኤስ ጋር ማገናኘት አስመጪያችን ከወደቀበት ችግር ያድናል። ጊዜውም ግብር ከሚከፈልበት ወይም የዕቃ ሰነድ ከሚቀርብበት ቀን ራቅ ያለ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሁን። የአስተዳዳሪው የምስጢር ቃል በቴክኒሻኑ ስልክ ውስጥ ብቻ መኖር የለበትም፤ በፖስታ ታሽጎ በካዝና ይቀመጥ። ፋይሎቹ የተመሰጠሩ ከሆኑ መክፈቻቸውም አብሮ ይቀመጥ፤ ያለዚያ ዲስኩ ድኖ መዝገቡ ላይነበብ ይችላል።

አሁን ወደ አስመጪያችን እንመለስ። ሁለተኛ ቅጂ ካለው በማግሥቱ ጠዋት ሰነዱን ከቅጂው አትሞ ወደ ባንክ ይሄዳል፤ መሣሪያውንም በእርጋታ ያስጠግናል። ቅጂ ከሌለው ግን ሌሊቱን በመሣሪያው ላይ አጎንብሶ ያድራል፤ ጭንቀት ላይ ያለ ሰው ደግሞ የቀረበለትን ጥያቄ ሁሉ ሳያነብ ይፈቅዳል። ሁለቱን የሚለየው የአንድ ተጨማሪ ዲስክ ዋጋና የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ነጋዴ ሁሉ የሚቀጥለውን እድሳት ከመጫኑ በፊት ቅጂው የት እንዳለ ራሱን ይጠይቅ።