ፊትን ስለሚያላላው መርፌ

«ግንባሬን ቦቶክስ ብወጋ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብለው የሚጠይቁ ምእመናን አሉ፤ በተለይ በውጭ አገር። ሳያውቁ መፍረድም፣ ሳያውቁ መወጋትም አይጠቅምምና መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ።

ቦቶክስ የሚገኘው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ከተባለ ባክቴሪያ መርዝ ነው። ይኸው መርዝ በአግባቡ ባልታሸገ ምግብ ውስጥ ከተፈጠረ ሰው ይገድላል። እጅግ በጥቂቱ ተመጥኖ ሲሰጥ ግን ነርቭ ለጡንቻ የሚያደርሰውን ትእዛዝ ያግዳል፤ ጡንቻውም ይላላል። አሜሪካ መጀመሪያ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓይን መንሸዋረርና ለዓይን ቆብ መኮማተር ሕክምና ነበር። ለመልክ የፈቀደችው ከዚያ በኋላ በ2002 ነው።

ለቅንድብ መካከል ሽብሽብ የተለመደው መጠን 20 ዩኒት ነው፤ በቀጭን መርፌ አምስት ቦታ ይወጋል። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቆንጠጥ ያደርጋል እንጂ ብዙ አያምም። የተወጋው ቦታ ትንሽ አበጥ ይልና ወዲያው ይጎድላል። ያን ቀን መስታወት ብታዩ ምንም አልተለወጠም። ለውጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጀምርና በሁለት ሳምንት ገደማ ሙሉ ይሆናል። ስትኮሳተሩ ብቻ የሚታየው ሽብሽብ በደንብ ይላላል፤ ፊት ባይኮሳተርም ተቀርጾ የቀረው መስመር ግን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ላይጠፋ ይችላል። ከሦስት እስከ አራት ወር ሲሞላ ጡንቻው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ መርፌው ዕድሜን አይመልስም፤ ጡንቻን ለጊዜው ያሳርፋል።

ቦታው ሊበልዝ፣ ራስ ሊያም፣ አልፎ አልፎም የዓይን ቆብ ለሳምንታት ሊወድቅ ይችላል። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ድምፅም ከተለወጠ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል፤ መድኃኒትም የፈጣሪ ስጦታ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ደግሞ ጌጣችንን ከውጭ ሳይሆን ከልብ እንድንፈልግ ይመክራል። ሁለቱ አይጋጩም። ይህ መድኃኒት ለጽኑ ራስ ምታት ሲሰጥ ማንም አይጠይቅም፤ ለመልክ ሲሆን የሚመረመረው ልብ ነው። መርፌውን በራሱ ኃጢአት ለማለት አልደፍርም። እርጅናን እንደ ነውር ቆጥሮ፣ በየአራት ወሩ የልጆችን ጉሮሮ ወይም ለአገር ቤት እናት የሚላከውን ገንዘብ እየነካ የሚወጋ ሰው ግን ራሱን ይመርምር፤ ከንስሐ አባቱም ጋር ይምከር። ልጅ በማሳደግ፣ በሥራና በለቅሶ የተሸበሸበ ግንባር ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

መወጋት ከወሰናችሁ፣ ፈቃድ ካለው ሐኪም ዘንድ ብቻ ሂዱ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ትታገሥ፤ የጡንቻ ድካም በሽታ ያለበት አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ሐሰተኛ ቦቶክስ የተወጉ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋልና፣ ረከሰ ብላችሁ በየሳሎኑና በየጓደኛ ቤት ፊታችሁን ለመርፌ አትስጡ።