«ማን ነገረህ?» — ከሸርሊ ቴምፕል ሕይወት የተማርኩት

ባለፈው ሴሚስተር ስለ አንድ ታዳጊ ድምፃዊ የጻፍኩት ፕሮፋይል ታርሞ ሲመለስልኝ፣ «የ9 ዓመቱ» ከሚለው ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ማን ነገረህ?» ተብሎ ተጽፎበታል። የነገረኝ ማናጀሩ ነው። ሌላ ሰው አልጠየቅኩም። ማርኬን እንኳ አናንሳው፤ ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አሜሪካዊቷን የፊልም ተዋናይት ሸርሊ ቴምፕልን ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሸርሊ ኤፕሪል 23 ቀን 1928 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ሞኒካ ተወለደች። ካሜራ ፊት የቆመችው ገና በ3 ዓመቷ ነው። በ1934 ዝናዋ ገነነ፤ ከ1935 እስከ 1938 ደግሞ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ እያለች እነ ክላርክ ጌብልን አስከትላ በሲኒማ ገቢ አንደኛ ሆነች።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የምትሠራበት ፎክስ ስቱዲዮ፣ ልጅነቷ ገበያ ስለሆነ፣ ከዕድሜዋ ላይ አንድ ዓመት ቀነሰ። የልደት የምስክር ወረቀቷ ሳይቀር ተነካክቷል። በ1935 መጀመሪያ ለልጅ የተዘጋጀውን ትንሽ ኦስካር ስትቀበል 6 ዓመቷ ነበር፤ በስቱዲዮው ስሌት ግን 5። ባለቤቷም አታውቅም! በ1941 «12 ዓመት ሞላኝ» ብላ ስትደሰት፣ የለም 13 ነው ያለቻት እናቷ ናት።

በአውሮፓ ደግሞ የተገላቢጦሽ ወሬ ይናፈስ ነበር፤ ልጅ ሳትሆን ድንክ ሴት ናት የሚል። በ1988 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ፣ ይህን ሊያጣራ ከቫቲካን ቄስ እንደመጣ ጽፋለች። ቄስ! እኛን ጋዜጠኞችን ሊያሳፍረን ይገባል።

ገንዘቧም ያው ነው። በ22 ዓመቷ መዝገቡን ስታስመረምር፣ ካገኘችው 3.2 ሚሊዮን ዶላር የተረፈው 44 ሺህ ገደማ ነበር። ገንዘቡን ይይዝ የነበረው አባቷ ነው።

ከፊልም ከወጣች በኋላ በ1967 ለኮንግረስ ተወዳድራ ተሸነፈች፤ ኋላ በጋና፣ ከ1989 እስከ 1992 ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያ አምባሳደር ሆነች። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን 1972 ነው። የጡት ካንሰር ይዟት ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ፣ ሰው ይህን በሽታ በስሙ በማይጠራበት ጊዜ፣ ጋዜጠኞችን ሆስፒታል አልጋዋ ድረስ ጠርታ ራሷ ተናገረች። ዜናዋን ሌላ ሰው ቀንሶ ወይ ጨምሮ እንዲነግርላት አልፈለገችም ብዬ አስባለሁ። በ2014 በ85 ዓመቷ አረፈች።

ፕሮፋይሉን እንደገና ልጽፍ የድምፃዊውን እናት ፈልጌ አገኘኋቸው። የክትባት ካርዱን ከሻንጣ አውጥተው አሳዩኝ፤ 11 ዓመቱ ነው። ልጁም አጠገቤ ቆሞ አብሮኝ ያነብ ነበር።