ለትምህርት ቤት ኮሚቴ ለመወዳደር የዳይሬክተር ፈቃድ አያስፈልግም

ጥያቄ፦ የምኖረው ከደባርቅ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ሁለት የልጅ ልጆቼን የማሳድገው እኔ ነኝ፤ ሁለቱም በቀበሌያችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ዘንድሮ ለወላጅ ኮሚቴ ልወዳደር ብዬ ስጠይቅ «አያት እንጂ ወላጅ አይደለሽም» ተባልሁ። «ማንበብና መጻፍም አትችይም» አሉኝ። በመጨረሻም «የሚመረጡትን ሰዎች ከቀበሌው ጋር ተነጋግረን ይዘናል» ተባለ። ይህንን የጻፈልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ እናታችን፣ መወዳደር ይችላሉ። ከተነገሩዎት ምክንያቶች አንዱም ብቻውን አያስቀርዎትም። መብትዎን በተግባር ለማስከበር ግን የሚወዳደሩበት ወንበር የትኛው እንደሆነ፣ ምርጫው እንዴት መካሄድ እንዳለበትና ቅሬታዎ የት እንደሚቀርብ አስቀድመው ይወቁ።

ወንበሩ የትኛው ነው?

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዙሪያ ሕዝቡ የሚወከልባቸው ሁለት አካላት አሉ። ሁለቱም የሚታወቁት ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ነው። አንደኛው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ነው፤ በአጭሩ ወተመህ ይባላል፣ በአገር ቤት አጠራር «ወላጅ ኮሚቴ»። ሁለተኛው የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ነው፤ በዚህ ውስጥ የቀበሌው አስተዳደር፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ ሴቶችና ወጣቶች ይወከላሉ፤ በተለመደው አሠራር ርእሰ መምህሩ ጸሐፊ ይሆናል።

ልዩነቱ ለእርስዎ ጥቅም አለው። ለኅብረቱ የወላጅነት ወንበር መሠረቱ በዚያ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ መኖሩ ነው። ለቦርዱ ግን መሠረቱ የቀበሌው ነዋሪነት ነው። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ልጁን ደባርቅ ከተማ ቤት ተከራይቶለት፣ ስንቅ እየላከ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር አባት በልጁ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ላይ ድምፅ አለው፤ የደባርቅ ቀበሌ ቦርድ አባል ልሁን ቢል ግን ነዋሪ አይደለህም መባሉ አግባብ ነው።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች እዚያ የትምህርት ቦርድ ተመራጮች የአካባቢውን ትምህርት የበላይ ኃላፊ እንደሚቀጥሩና በጀት እንደሚያጸድቁ ሰምታችሁ ይሆናል። የእኛ ኮሚቴ ያን ያህል ሥልጣን የለውም። ርእሰ መምህሩን የሚመድበው የመንግሥት ትምህርት መዋቅር ነው። ሆኖም ኮሚቴው በዓመታዊ ዕቅድ ይሳተፋል፣ ከሕዝብ የሚዋጣውንና ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ገንዘብ አጠቃቀም ይከታተላል፣ በተማሪዎች መቅረትና ሥነ ምግባር ላይ ይመክራል። ገንዘብ ባለበት ቦታ ማን ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

የተነገሩዎት ምክንያቶች ሲመረመሩ

«አያት ወላጅ አይደለችም።» ሕግ ልጅን የሚያሳድግ ሰው የግድ የወለደው ይሁን አይልም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ወላጆች በሌሉበት ወይም በማይችሉበት ጊዜ ልጁን የሚንከባከብ አሳዳሪ፣ ንብረቱን የሚጠብቅ ሞግዚት እንደሚኖር ይደነግጋል። ልጁን አስመዝግቦ፣ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ደብተር ገዝቶ የሚያስተምረው አሳዳጊ ከወላጅ ወንበር የሚገለልበት ምክንያት የለም። ክርክር ከተነሳ በተማሪው መዝገብ ላይ በአሳዳጊነት የተጻፈው ስም የማን እንደሆነ ያሳዩ። የእርስዎ ካልሆነ አሁኑኑ ያስተካክሉ። የፍርድ ቤት የአሳዳሪነት ውሳኔ ካለዎት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጸናል።

«ማንበብ አትችይም።» የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 በሕዝብ ጉዳይ የመሳተፍ፣ የመምረጥና የመመረጥ መብትን በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በሌላ አቋም ምክንያት ልዩነት ሳይደረግ ይሰጣል። ጽሕፈት የጸሐፊው ሥራ ነው፤ አባሉ የሚያስፈልገው ማዳመጥ፣ መጠየቅና መወሰን ነው። «መመሪያው ማንበብ ግዴታ ነው ይላል» የሚል ካለ ያንን አንቀጽ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። በቃል የሚነገር መስፈርት መስፈርት አይደለም። በተጨማሪም አንቀጽ 35 ሴቶች ከቆየው የበታችነት ለመውጣት የድጋፍ እርምጃ ሊደረግላቸው እንደሚገባ ይናገራል። ብዙ እናቶች ፊደል ያልቆጠሩት ዕድል ተነፍገው ነው፤ ያንኑ ምክንያት አድርጎ ዛሬም ማግለል ከዚህ አንቀጽ መንፈስ ጋር ይጋጫል።

«ስሞቹን ይዘናል።» ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አንቀጽ 38 በንዑስ አንቀጽ 3 የማኅበራትና የድርጅቶች የኃላፊነት ምርጫ ነጻና ዴሞክራሲያዊ መሆን እንዳለበት ይናገራል፤ ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ይህንኑ የሕዝብን ጥቅም በስፋት ወደሚነኩ ሕዝባዊ ድርጅቶች ያሰፋዋል። በእኔ አተያይ የወላጆች ኅብረት በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ርእሰ መምህሩም ሆነ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰው መጠቆም ይችሉ ይሆናል፤ መሾም ግን አይችሉም። የሚመርጠው የወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች አገር አቀፍ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ እየተራዘመ ቆይቷል። ስለዚህ ለአንድ የዳባት ወይም የደባርቅ ገበሬ በመንደሩ ጉዳይ ላይ በየጊዜው ድምፅ ሊሰጥ የሚችልበት ቅርብ መድረክ ይኸው የትምህርት ቤት ስብሰባ ነው። እሱም በዝርዝር ተሞልቶ ከመጣ የቀረ ነገር የለም።

ምርጫው እንዴት ይካሄድ?

ይህን ምርጫ ምርጫ ቦርድ አያካሂደውም። የምርጫ ካርድ፣ የፓርቲ ምልክት፣ የዕጩ ምዝገባ ገንዘብ የለም። የፓርቲ አባል መሆን አያስፈልግም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 መልእክትም ትምህርት ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን የሚል ነው። ልጁ እዚያ የሚማርለት ቄስ ወይም ሼህ እንደ ወላጅ መመረጥ ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ወክሎ መቀመጥ ግን አይችልም።

እርስዎ ማድረግ ያለብዎት የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ስብሰባው መቼ እንደሆነ ቀድመው ይወቁ፤ ለጎረቤቶችዎም ይንገሩ። በአጨዳ ወቅት ወይም በገበያ ቀን ተጠርቶ ጥቂት ሰው የተገኘበት ጉባኤ ከሆነ «ወላጆች አልተሟላንም፣ ይራዘም» ብለው ይጠይቁ። ቀጥሎም ሌላ ወላጅ እንዲጠቁምዎት፣ ሌላው እንዲደግፍ ያድርጉ። ስምዎ ከተጠቆመ በኋላ ድምፅ ሳይሰጥበት ሊሠረዝ አይገባም።

እጅ በማውጣት መምረጥ ብቻውን ሕገ ወጥ አይደለም። ሰው ግን ሹሙ ፊት እጁን ለማውጣት የሚፈራ ከሆነ ምስጢራዊ ድምፅ ይጠይቁ። ወረቀት ለማይጽፍ ሰው ባቄላና ሽንብራ በተሸፈነ ጣሳ ውስጥ መጣል ይበቃል፤ ዋናው ቆጠራው በሁሉም ፊት መሆኑ ነው። በመጨረሻም የተገኙት ወላጆች ብዛት፣ የዕጩዎቹ ስምና እያንዳንዳቸው ያገኙት ድምፅ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍ፣ ተጽፎም ጉባኤው ሳይበተን ጮክ ብሎ እንዲነበብ ይጠይቁ። ቃለ ጉባኤ ከሌለ ነገ የሚከራከሩበት ማስረጃ የለም።

ከከለከሏችሁ

አቤቱታውን በጽሑፍ ያድርጉት። በመጀመሪያ ለርእሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ ለጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ፣ ከዚያ ለወረዳው ወይም ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ። መልስ ካጡ ደባርቅ ወዳለው የሰሜን ጎንደር ዞን ትምህርት መምሪያ ይሂዱ። በየደረጃው ሁለት ኮፒ ይያዙ፤ አንዱን ሲያስገቡ በሁለተኛው ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። «መዝገብ ቤት የለንም» የሚል ቢሮ ካጋጠመ ሁለት ምስክር ይዘው ያስረክቡ።

የምርጫውን ቃለ ጉባኤ ወይም መመሪያውን አናሳይም ካሉ በጽሑፍ መረጃ ይጠይቁ። ስለ መረጃ ነጻነት የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። መረጃ መከልከልንና የአስተዳደር በደልን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይመለከታል።

ፍርድ ቤትስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ይሰጣል። ነገር ግን ይህ ኮሚቴ በመመሪያ የተቋቋመ በመሆኑ፣ ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ የአስተዳደሩን በር አንኳኩተው መጨረስዎን መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ የቀድሞዎቹን ደረጃዎች አይዝለሉ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ከተመረጡስ?

መመረጥ መብት ብቻ አይደለም፣ ተጠያቂነትም ያመጣል። አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሙስና ወንጀልን ሲደነግግ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ አካላትንም ይጨምራል። ከመዋጮው የጎደለ ብር «የኮሚቴ ጉዳይ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ገንዘብ ሲገባ ሞዴል 64 ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይሞላ። ለክፍል ጥገና የሚቀጠረው አናጺ ዘመድዎ ከሆነ ዝምድናዎን ተናግረው ከውሳኔው ይውጡ።

ማንበብ ስለማይችሉ ሳይነበብልዎት በማናቸውም ወረቀት ላይ ጣትዎን አያኑሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው የጣት አሻራ በዳኛ ወይም ይህን ለማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ይህ ለውል የተደነገገ ቢሆንም የክፍያ ማዘዣም ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይያዙ፤ በስብሰባው ፊት ይነበብ፣ ከዚያ ይፈርሙ።

ሥራዎ ካላረካ ሊያወርድዎት የሚገባው የመረጠዎት ጉባኤ ነው። በክርክር ስለተናደደ ብቻ ርእሰ መምህሩ «ከኮሚቴ ወጥተሻል» ሊልዎት አይችልም።

በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ላሉ ወላጆች ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፣ ብዙዎቹም ተዘግተው ቆይተዋል። የቀድሞ ኮሚቴ አባላት የተፈናቀሉበት ወይም የሥራ ዘመናቸው ያለፈበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ትምህርት ቤታችሁ ሲከፈት «የድሮው ኮሚቴ ይቀጥል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ስብሰባው ላይ ሳትገኙ ቀርታችሁ በኋላ ስለ መዋጮው ብታማርሩ ሰሚ አታገኙም።