በሐረጎ ቍልቍለት ላይ የቆመውን ሰው ማን ይጠብቀው?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሁሉ ሐረጎን ያውቃል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ አጭር ጕዞ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቍልቍል ይወረዳል። በክረምት ጉም ሲሸፍነው ከፊት ካለው መኪና መብራቱ ብቻ ይታያል።

ባለፈው ክረምት በዚሁ መንገድ ስንወርድ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ አየን። ሁለት ሰዎች ቍስለኛውን በቃሬዛ ወደ አምቡላንስ ይወስዳሉ፤ አንድ የትራፊክ ፖሊስም እጁን ዘርግቶ መኪናዎችን ያስቆማል። በዚህ ጊዜ ከላይ የመጣ መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሲያልፍ የአንዱን ተሸካሚ ክንድ በመስተዋቱ መታው። ቃሬዛው አዘነበለ፤ ደግነቱ ማንም አልሞተም። መኪናው ግን ሳይቆም ሄደ። ሌላውን ለማዳን የወጣን ሰው ለአደጋ የሚያጋልጥ ነጂ ምን ቅጣት ይገባዋል? እያልሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስባለሁ።

በመጀመሪያ በፊዚክስ ትምህርታችን የተማርነውን እናስታውስ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፥ መኪናው ገና ሳይያዝ 17 ሜትር ተጓዘ ማለት ነው። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ይኸውም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በእርጥብ ቍልቍለት ላይ ከዚህም ይረዝማል። እንግዲህ «ድንገት ነው ያየሁት» ማለት ምክንያት አይሆንም፤ በጉም ውስጥ ፍጥነቱን የመረጠው ነጂው ራሱ ነውና።

ሕጋችንስ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፥ ደንብን እያወቀ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። ቅጣቱ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለምን?

በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና በ1994 እ.ኤ.አ. ጀምስ ጋርሲያ የተባለ የአምቡላንስ ባለሙያ በአደጋ ስፍራ ሲሠራ በመኪና ተገጭቶ ቆሰለ። በ1996 እ.ኤ.አ. ግዛቲቱ፥ ነጂ ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ ሲቀርብ ፍጥነቱን እንዲቀንስና ፈቀቅ እንዲል የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። እስከ 2012 እ.ኤ.አ. 50ዎቹም ግዛቶች ተከተሏት። በዚያ ነጂው ማንንም ባይገጭ እንኳ ይቀጣል።

ይህን ጽሑፍ ለአባቴ አነበብሁላቸው። እርሳቸው ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ናቸው። «ልጄ፥ የባለንብረቱን ጥድፊያና የጋለውን ፍሬን አትርሳ» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ግን፥ «እኔም አንድ ሌሊት እንዲሁ አልፌአለሁ። ማንንም አልነካሁም፤ ሲሸሹ ያየሁት ፊታቸው ግን እስከ ዛሬ አይጠፋኝም» አሉ።

አባቴን እወዳቸዋለሁ፤ ቢሆንም በዚያ ሌሊት ሊቀጡ ይገባ ነበር እላለሁ። ሰው ያልገጩት በዕድል ነውና፥ ሕግም ዕድልን ሳይሆን ሥራን መመዘን አለበት። ነጂውን ያጣደፈ ባለንብረትም ከቅጣቱ ድርሻውን ይቀበል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ነገ ከእኛ ብዙዎቹ መሪ ይጨብጣሉ። በመንገድ ዳር ቃሬዛ ስናይ እግራችን አስቀድሞ ፍሬኑን ይፈልግ፤ የተኛበት ሰው የማን ወገን እንደ ሆነ አናውቅምና።