ዓሹራ፦ አንድ ቀን፣ ሁለት ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ሙሐረም በገባ ቁጥር ስለ ዓሹራ ቀን የሚናገሩ ጽሑፎች በሙስሊሙ ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ቀድሞ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ይደርሱን የነበሩት ዛሬ በስልክ መልእክት ይደርሱናል። ይዘታቸው ግን እምብዛም አልተለወጠም። የአደም (ዐ.ሰ.) ንስሓ ተቀባይነት ያገኘው በዓሹራ ቀን ነው፤ የኑሕ (ዐ.ሰ.) መርከብ ከተራራው ያረፈችው በዚሁ ቀን ነው፤ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ከእሳት፣ ዩኑስ (ዐ.ሰ.) ከዓሣው ሆድ የወጡት፣ አዩብ (ዐ.ሰ.) ከሕመማቸው የዳኑት በዚሁ ቀን ነው ይላሉ። ዝርዝሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየረዘመ ሄዶ ሰማይና ምድርም የተፈጠሩት በዓሹራ ቀን ነው እስከማለት ይደርሳል።

እንዲህ ያለውን ዝርዝር ባነበብኩ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይመጡብኛል። አንደኛው፣ ይህ ሁሉ በእርግጥ በአንድ ቀን ሆኗልን? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ታላላቅ ነገሮች በአንድ ቀን ቢገጣጠሙስ መገጣጠሙ ራሱ ምን ያስተምረናል? የሚል ነው። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ጥያቄዎች በተራ ለመመልከት እሞክራለሁ።

የተረጋገጠው የትኛው ነው?

ዓሹራ የሚለው ስም «አሥር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን የሙሐረም ወር አሥረኛውን ቀን ያመለክታል። በዚህ ቀን ስለተፈጸሙት ነገሮች በትክክለኛ ሰነድ የደረሰን ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የመዘገቡት ሐዲስ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና በመጡ ጊዜ አይሁዶች ይህን ቀን ሲጾሙ አገኟቸው። ምክንያቱን ሲጠይቋቸው፣ አላህ ሙሳንና ሕዝባቸውን ከፊርዐውን ያዳነበት ቀን ነው አሏቸው። ነቢዩም ለሙሳ ከእነርሱ ይበልጥ የምንቀርበው እኛ ነን በማለት ራሳቸው ጾሙት፤ ሌሎችም እንዲጾሙት አዘዙ።

ከዚህም ሌላ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ የረመዳን ጾም ግዴታ ከመሆኑ በፊት ሰዎች ዓሹራን ይጾሙ ነበር፤ ካዕባ ልብሱን የሚለብሰውም በዚያ ቀን ነበር። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ የረመዳን ጾም ሲደነገግ የዓሹራ ጾም በፈቃደኝነት የሚጾም ሱና ሆነ። ነቢዩ እስከ መጪው ዓመት ከቆዩ ዘጠነኛውንም ቀን ጨምረው ሊጾሙ ማሰባቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ይሁን እንጂ ያ ዓመት ከመድረሱ በፊት ወደ አኼራ ሄዱ።

የቀረው ዝርዝርስ? የኑሕን መርከብ በተመለከተ በኢማም አሕመድ ሙስነድ ውስጥ አንድ ዘገባ ቢገኝም የሐዲስ ሊቃውንት ሰነዱን ደካማ ነው ብለውታል። የብዙ ነቢያትን ታሪክ በአንድ ቀን የሚሰበስበውን ረጅሙን ዘገባ ደግሞ በ597 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢብኑል ጀውዚ የፈጠራ ሐዲሶችን በሰበሰቡበት መጽሐፋቸው ውስጥ አስገብተውታል። ስለዚህ ያ ዝርዝር ውሸትነቱ የተጋለጠው ዛሬ ሳይሆን ከስምንት መቶ ዓመታት በፊት ነው። ሆኖም እኛ ዛሬም እናባዛዋለን። በነቢዩ ስም ያላሉትን መናገር ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ደግሞ «ለሌሎች አስተላልፉ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ጣቱን አያነሳም።

ስልሳ አንደኛው ዓመት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካረፉ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ61 ዓመተ ሂጅራ፣ በዚያው በሙሐረም አሥረኛው ቀን ሌላ ታላቅ ነገር ተፈጸመ። ይህኛው ማንም ያልፈጠረው፣ የሱኒም የሺዓም የታሪክ ጸሐፊዎች የመዘገቡት ነው።

ሙዓዊያ በ60 ዓመተ ሂጅራ ሞተው ልጃቸው የዚድ ሥልጣኑን ሲይዝ፣ የነቢዩ የልጅ ልጅ ሑሰይን ኢብኑ ዐሊ (ረ.ዐ.) ቃል ኪዳን አልገባም አሉ። የኩፋ ሰዎች ና፣ እንከተልሃለን የሚሉ ብዙ ደብዳቤዎች ላኩላቸው። ሑሰይንም ሁኔታውን እንዲያጣራ የአጎታቸውን ልጅ ሙስሊም ኢብኑ ዐቂልን ወደ ኩፋ አስቀደሙ። ነገር ግን አገረ ገዢው ዑበይዱላህ ኢብኑ ዚያድ ከተማዋን በፍርሃት ሲያንበረክክ ደብዳቤ የጻፉት ሰዎች ተበተኑ፤ ሙስሊምም ተገደለ። ሑሰይን ከቤተሰባቸውና ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ከርበላ በደረሱ ጊዜ ጦሩ ከበባቸው፤ ከኤፍራጥስ ወንዝ ውኃ እንዳይቀዱም ተከለከሉ። በዓሹራ ቀን በሺዎች ከሚቆጠር ጦር ፊት የቆሙት በተለምዶ ሰባ ሁለት ናቸው የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ከቀትር በኋላ ሑሰይን ተገደሉ። ጭንቅላታቸው ወደ ኩፋ፣ ከዚያም ወደ ደማስቆ ተወሰደ።

በዚያው ቀን የሆነች አንዲት ነገር ሁልጊዜ ታስገርመኛለች። አል-ሑር ኢብኑ የዚድ የሚባል የጦር አዛዥ ነበር። የሑሰይንን መንገድ እንዲዘጋ አንድ ሺህ ፈረሰኛ ይዞ የተላከው እርሱ ነው። በዓሹራ ማለዳ ግን ሕሊናው አላስቀምጠው ብሎ ፈረሱን እየነዳ ወደ ሑሰይን ወገን ተሻገረ፤ እዚያም ተዋግቶ ሞተ። ማለዳውን በአንዱ ሰልፍ ጀምሮ ቀኑን በሌላው ፈጸመ። ቀኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰውየው ነው።

ቀን ዕድል አለውን?

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በአንዱ ዓሹራ ግፈኛው ፊርዐውን ሰጠመ፤ የተገፉት በኒ ኢስራኢል ዳኑ። በሌላው ዓሹራ የተገፉት ተገደሉ፤ ግፈኛው ግን በዙፋኑ ላይ ቆየ። በአንዱ ባሕር ተከፍሎ መንገድ ሆነ፤ በሌላው ከወንዝ ዳር ያሉ ሕፃናት የሚጠጡት አጡ። ቀኑ አዳኝ ነው ካልን፣ ሙሳን ያዳነ ቀን ሑሰይንን ስለምን አላዳነም? ቀኑ ክፉ ነው ካልን ደግሞ ነቢዩ ለምስጋና የጾሙት ቀን እንዴት ክፉ ይሆናል?

በቋንቋችን «ቀን ጣለው»፣ «ቀን ወጣለት» እንላለን። አነጋገሩ አነጋገር ነው፤ ችግር የሚመጣው ቀኑ በራሱ የሚጥልና የሚያነሳ መስሎን ሕይወታችንን በዚያ ስንመራ ነው። በአገራችንም በሐረር ከተማ በዓሹራ ዕለት ለጅቦች በቅቤ የራሰ ገንፎ የማቅረብ የቆየ ልማድ አለ። ለእንስሳት ማብላት መልካም ነው። ከጅቡ አበላል ተነስቶ መጪው ዓመት ጥጋብ ነው ወይስ ችግር ብሎ መገመት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የወደፊቱን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነውና።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም። ከማሪያ የወለዱት ትንሹ ልጃቸው ኢብራሂም በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ጨለመች። የሥነ ፈለክ ስሌት ይህን ግርዶሽ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 632 ላይ ያስቀምጠዋል። ሰዎች ፀሐይ ለኢብራሂም ሞት ጨለመች አሉ። ሌላ መሪ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ወሬው እንዲስፋፋ በተወው ነበር። ልቡ ያዘነ አባት ራሱ እንዲህ ያለውን ማጽናኛ ሊወድደው ይችላል። ነቢዩ ግን ሰግደው ሲያበቁ ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሰው ሞት ወይም ሕይወት ሲሉ እንደማይጨልሙ አስረዱ። የገዛ ልጃቸው ሞትና ግርዶሹ በአንድ ቀን መግጠማቸው እውነት ነበር፤ ከመግጠሙ የተሰጠው ትርጉም ግን እውነት አልነበረም። በሐዘናቸው ቀን እንኳ ይህን ልዩነት ያስተማሩን ነቢይ ተከታዮች ሆነን ዛሬ በየቀኑ ግጥምጥም ብንደነግጥ ያሳፍራል።

«ያው ቀን» ስንል

ሌላም የምንረሳው ነገር አለ። አንድ ቀን «ያው ቀን» የሚሆነው በምንቆጥርበት መቁጠሪያ ነው። የሂጅራ አቆጣጠር የተደነገገው በኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን፣ በ17ኛው ዓመት ግድም ነው። ደብዳቤዎች ሻዕባን ተብሎ ወር ብቻ ተጽፎባቸው ሲደርሱ የትኛው ዓመት ሻዕባን ነው? የሚል ችግር በመነሳቱ ሶሓባዎች ተማክረው ስደቱን የዘመን መነሻ፣ ሙሐረምን የዓመቱ መጀመሪያ አደረጉ። ይህ ዓመት የጨረቃ ስለሆነ 354 ወይም 355 ቀን አለው፤ ከፀሐይ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ያጥራል። በመሆኑም የ61 ዓመተ ሂጅራ ዓሹራ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 680 ሲውል፣ የ67 ዓመተ ሂጅራው ደግሞ ኦገስት 6 ቀን 686 ዋለ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሁለት ወር በላይ ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ክረምቱንም በጋውንም ሁሉ ይዞራል።

የ67 ዓመተ ሂጅራውን ዓሹራ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ዑበይዱላህ ኢብኑ ዚያድ ሞሱል አጠገብ በኻዚር ወንዝ ጦርነት የተገደለው በዚያ ቀን ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «ቀኑ ተበቀለ» ለማለት ይፈጥናል። ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በሑሰይን ደም ስም ተነስቶ ኢብኑ ዚያድን ያስገደለው ሙኽታር ራሱ በዚያው ዓመት በሙስዐብ ኢብኑ ዙበይር ጦር ተሸንፎ ተገደለ። ቀኑ ለማንም የዘላለም ዋስትና አልሰጠም።

ቀንን መሣሪያ ማድረግ

ቀን በራሱ አይጎዳም፤ ሰዎች ግን ቀንን መሣሪያ አድርገው ይጎዱበታል። ከከርበላ በኋላ ሑሰይንን የጠሉ ወገኖች ዓሹራ የደስታ፣ የኩልና የድግስ ቀን ነው የሚሉ ዘገባዎችን ፈጠሩ። በሌላ በኩል የሐዘኑን ቀን በአዋጅ ያወጡ ተነሱ። በ352 ዓመተ ሂጅራ ባግዳድን የያዘው የቡወይህ ሥርወ መንግሥት ገዢ ሙዒዝ አድ-ደውላ በዓሹራ ሱቆች እንዲዘጉና ሕዝቡ በአደባባይ እንዲያለቅስ አዘዘ። በሚቀጥለው ዓመት በከተማዋ በሱኒና በሺዓ መካከል ሁከት ተነሳ። በ389 ዓመተ ሂጅራ ደግሞ የሱኒ ወገኖች በአጸፋው ከዓሹራ ስምንት ቀን በኋላ የሙስዐብን ቀን ማክበር ጀመሩ። አንዱ ወገን ቀን ሲይዝ ሌላውም ቀን ፈለገ፤ በመካከሉ የፈሰሰው የሙስሊም ደም ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2004፣ የ1425 ዓመተ ሂጅራ ዓሹራ በኢራቅ ሲከበር፣ በከርበላና በባግዳድ በሐዘንተኞች መካከል ቦምቦች ፈነዱ፤ ከ170 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1996 ነበር። እኛ በአገራችን የዓድዋን 108ኛ ዓመት እያከበርን ነበር። በአንድ ፀሐይ ሥር አንዱ ሕዝብ ድሉን ሲዘክር ሌላው ሬሳውን ያነሳ ነበር። ይህን መገጣጠም ከሰማይ የመጣ ምሥጢር ነው ብሎ የሚተረጉም ካለ ይሳሳታል። ቦምቡን ያጠመደው ቀኑ ሳይሆን የሰው እጅ ነው፤ ዓድዋንም ያሸነፈው ቀኑ ሳይሆን የተሰለፈው ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የዓሹራን ጾም እንጹም፤ ከተቻለም ዘጠነኛውን እንጨምር። ጾሙ የተደነገገው ሑሰይን ከመገደላቸው ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ የሚጾም ሰው በሑሰይን ሞት ተደስቶ አይጾምም፤ ለሙሳ መዳን አላህን እያመሰገነ እንጂ። በሑሰይን መገደል ማዘንም የአንዱ ወገን ንብረት አይደለም፤ ነቢዩን የሚወድ ሁሉ የሚያዝንበት ነው። ምስጋናና ሐዘን በአንድ ልብ ውስጥ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ የሚደርሰንን ጽሑፍ ከማስተላለፋችን በፊት ማን ዘገበው? ሰነዱ ምን ያህል ጠንካራ ነው? ብለን የሚያውቁ ሰዎችን እንጠይቅ። ሃይማኖታችን በሐሰት ዝርዝር የሚደምቅ አይደለም። የሙሳ ታሪክ ብቻውን ይበቃል።

ሦስተኛና ዋናው፣ በሁለቱም ዓሹራዎች ላይ የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ከማን ጋር ትቆማለህ? የሚል። የኩፋ ሰዎች ደብዳቤ ጽፈው ቤታቸው ቀሩ። አል-ሑር ደብዳቤ አልጻፈም፤ ነገር ግን ተሻገረ። ዛሬም በመሥሪያ ቤታችን፣ በገበያችን፣ በሰፈራችን ግፍ ሲፈጸም ስናይ የኩፋን ሰዎች ለመምሰልም ሆነ አል-ሑርን ለመምሰል የሙሐረምን አሥረኛ ቀን መጠበቅ አያስፈልገንም። ማክሰኞም ይሆናል፤ ሐሙስም ይሆናል።

አላህ እውነትን እውነት አድርጎ አሳይቶን የምንከተለው፣ ሐሰትንም ሐሰት አድርጎ አሳይቶን የምንርቀው ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።