ቆዳ የማይረሳው ጨረር

አንዲት የጡት ካንሰር ሕመምተኛ የጨረር ሕክምናዋን ከጨረሰች ወራት አልፈው ቆዳዋም አገግሟል እንበል። ቀጥሎ ዶክሶሩቢሲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጣታል። መድኃኒቱ መላ አካሏን ያዳርሳል፤ ቆዳዋ የሚቆጣው ግን ቀድሞ ጨረር ባረፈበት የደረቷ ክፍል ብቻ ነው። ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሐኪሞች «ራዲዬሽን ሪኮል» ይሉታል፤ እኛ የጨረር ትውስታ እንበለው። ዳንጂዮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 አክቲኖማይሲን ዲ በተሰጣቸው ሕሙማን ላይ ገልጸውታል።

የፊዚክስ መምህር ስለ ቆዳ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ቆዳ ራሱ የጨረር መለኪያ የነበረበት ዘመን ነበር፤ ሮንትጌን የተባለው አሃድ እ.ኤ.አ. በ1928 ዓለም አቀፍ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ሐኪሞች መጠኑን የሚተምኑት ቆዳን ለማቅላት በሚበቃው ጨረር ነበር።

ዛሬ ቆዳ በከፊል ይጠበቃል። የኮባልት-60 ጋማ ጨረሮች 1.17 እና 1.33 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ስላላቸው ኤሌክትሮኖችን ከአተሞች አላቅቀው በአመዛኙ ወደ ፊት ይወረውራሉ። ሕዋሳትን የሚጎዱት በዋናነት እነዚህ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ስለዚህ ከፍተኛው መጠን የሚያርፈው በቆዳው ገጽ ሳይሆን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከሥሩ ነው። ጨረሩ ጡትን በአግድመት ሲያልፍ ግን፣ በተለይም በእጥፋቱ ሥር፣ ይህ ጥቅም ይቀንሳል።

ታዲያ ትውስታው የት ተቀመጠ? አንዳንዶች ከጨረሩ የተረፉት ቆዳን የሚተኩ ግንድ ሕዋሳት ቁጥራቸው ስለሚያንስ የመድኃኒቱን ጫና መቋቋም ያቅታቸዋል ይላሉ። ይህ አሳብ በሒሳብ ለሚያስብ ሰው ይጥማል። ሆኖም ያው መድኃኒት ዳግመኛ ሲሰጥ ምላሹ ሁልጊዜ የማይመለስበትን ምክንያት አያስረዳም። ሌሎች ደግሞ በቦታው ለመድኃኒቱ የሚቀሰቀስ ከልክ ያለፈ የሰውነት ቁጣ ነው ባዮች ናቸው። ክርክሩ አልተቋጨም።

ለእኛ አገር ተማሪ ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ብዙ መጻሕፍት ምልክቱን «መቅላት» ብለው ይገልጹታል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ አይጎላም፤ የቦታው መጥቆር፣ መሞቅ፣ ማሳከክና ሕመም ናቸው የሚስተዋሉት። ቅላት ብቻ የሚፈልግ ዓይን ያልፈዋል፤ ወይም ኢንፌክሽን ነው፣ አልያም ካንሰሩ አገርሽቷል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። መድኃኒቱ ይቆይ ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው ሐኪም በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ጨረሩ የት፣ መቼና በምን መጠን እንደተሰጠ ነውና ሕመምተኛዋ ሆስፒታል ስትቀይር ይህ የሰፈረበት ወረቀት ከእጇ ሊለይ አይገባም።